በትሩ ያስጠነቅቃል፤ ዕንቅፋቱን የሚያነሣ ማን ነው?

የሰው ልጅ ጥበብን የሚፈልገው ከጉድለቱ የተነሣ ነው። ብርድ ባይኖር ኖሮ ልብስን የሚሸምን፣ ጨለማም ባይኖር ኖሮ መብራትን የሚያበራ ባልተገኘ ነበር። ጉድለት ግን የሚወልደው ጥበብን ብቻ አይደለም፤ ፍቅርንም ይወልዳል። ጥበብ የጎደለውን ነገር በመሣሪያ ይሞላል፤ ፍቅር ደግሞ የጎደለበትን ሰው ወንድም አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ መልካም ነው፤ አንደኛው በሁለተኛው ተማምኖ ሥራውን የተወ እንደሆነ ግን ጉዳት ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ከዚሁ የወጣ ነው። ይኸውም፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ፣ በፊቱ ያለውን ዕንቅፋት ለዓይነ ስውር የሚያስታውቅ በትር ከተገኘ ዘንድ፣ ዓይን ያለን ሰዎች ለዓይነ ስውሩ ያለብን ግዴታ ይቀንሳልን? ወይስ ይበልጥ ይጸናል?

አስቀድመን መሣሪያው ምን እንደሆነ እንናገር። ምርኩዝ እንደ ሰው ልጅ ዕድሜ የቆየ ነው። ሽማግሌ ይመረኮዘዋል፤ እረኛ ይጠብቅበታል፤ ካህንም በማኅሌት ቆሞ መቋሚያውን ይደገፋል፤ መቋሚያ ስለ ያዘም ካህኑን የሚንቀው የለም። ለዓይነ ስውር ግን በትሩ ከድጋፍ በላይ ነው፤ እጁ ረዝሞ ምድርን የሚዳስስበት ነው። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ጄምስ ቢግስ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ዓይኑን ካጣ በኋላ፣ አሽከርካሪዎች እንዲያዩት ብሎ በ1921 እ.ኤ.አ. በትሩን ነጭ ቀለም እንደ ቀባው ይነገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ሪቻርድ ሁቨር የተባለ አሜሪካዊ፣ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ረጅምና ቀላል በትር አዘጋጅቶ፣ ከእርምጃቸው አስቀድመው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዙ መንገዱን እንዲፈትሹበት አስተማራቸው።

የኤሌክትሪኩ በትር በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ምሥጢሩን ከሌሊት ወፍ መረዳት ይቻላል። ይህች ፍጥረት በጨለማ ስትበር ከግድግዳና ከዛፍ የማትጋጨው፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ እያሰማች የገደል ማሚቶውን ስለምታዳምጥ ነው፤ ይህንንም ዶናልድ ግሪፊን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1938 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ ደርሶበታል። በትሩም እንዲሁ ያደርጋል። በእጀታው አጠገብ ያለች ትንሽ መሣሪያ በሰከንድ 40,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ትልካለች፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ድረስ ስለሆነ ይህ ድምፅ አይሰማም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ በ2 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ምሰሶ የተላከለትን ድምፅ፣ አንድ ሰከንድ ለ1,000 ቢከፈል በ12ቱ ክፍል ያህል ጊዜ ውስጥ ይመልሰዋል። መሣሪያዋ ጊዜውን ለክታ ርቀቱን ታውቃለች፤ ዕንቅፋቱ ሲቀርብም እጀታውን በማንቀጥቀጥ ወይም በመጮህ ለያዛት ሰው ታስታውቀዋለች።

በዚህ መንገድ ለዓይነ ስውራን የሚሆን መሣሪያ መሥራት የተጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ሌስሊ ኬይ የተባለ መሐንዲስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእጅ የሚያዝ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሕንድ የደልሂ የቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው በትር በ2014 እ.ኤ.አ.፣ በቱርክ አገር የተሠራውም በ2019 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚዎች ቀርቧል። በሀገራችንም የምህንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው እንዲህ ያለውን በትር ሲሠሩ ይታያል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለባት በኮምቦልቻም ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ ሊቀር አይገባውም።

እንግዲህ ይህን በትር የያዙ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ በደሴ ከተማ ሲሄዱ እናስብ። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። በክረምት ጉሙ ይወርዳል፤ ጭቃውም ያዳልጣል። በፒያሳም ሆነ በሰኞ ገበያ የእግረኛው መንገድ ለእግረኛ ብቻ የተተወ አይደለም፤ ነጋዴው ዕቃውን ይዘረጋበታል፤ ባጃጁ ይቆምበታል፤ ለቤት ሥራ የመጣው አሸዋና ድንጋይ ይከመርበታል፤ የሱቁም ጣራ ብረት በሰው ግንባር ትክክል ይወጣበታል። መሪጌታው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ቢደርሱ ሜዳ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ የፋብሪካና የደረቅ ወደብ ከተማ ናትና፣ እዚያም የሚፈራው የቆመና የሚሄድ ከባድ መኪና ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የኤሌክትሪኩ በትር ጥቅሙ ግልጥ ነው። ተራው በትር በምድር ላይ ያለውን ድንጋይ ይነካል፤ በግንባር ትክክል የተዘረጋውን ብረት ግን አይነካም፤ ሰውዬው የሚያውቀው ግንባሩ ሲደማ ነው። አዲሱ በትር ይህን አስቀድሞ ይናገራል። ይሁን እንጂ ወሰን አለው። ወደ ፊት የተላከ ድምፅ ከተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ አይመለስም፤ ስለዚህ ክዳኑ በተነሣ የፍሳሽ ቦይ ፊት በትሩ ዝም ሊል ይችላል። ያዘነበለ ግድግዳ ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ለስላሳ ጨርቅ ደግሞ ይውጠዋል። ባትሪውም ያልቃል። ስለዚህ ዐዋቂዎች ይህ መሣሪያ ተራውን በትር የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም ብለው ያስተምራሉ። የመሣሪያው ዝምታ መንገዱ ደኅና ለመሆኑ ምስክር ሊሆን አይችልም።

በዚህ ነገር ላይ በምእመናን መካከል ሦስት ዓይነት አሳብ ሊነሣ ይችላል፤ ሦስቱንም በየተራ እንመርምር።

የመጀመሪያው አሳብ፣ እንዲህ ያለውን መሣሪያ መያዝ በእግዚአብሔር ጠባቂነት አለመታመን ነው የሚል ነው። ይህን አሳብ መጽሐፈ ጦቢት ያርመዋል። ጦቢት የሞቱትን የሚቀብር ጻድቅ ሰው ሳለ፣ በግንብ ሥር ተኝቶ የወፍ ኩስ በዓይኑ ላይ ወርዶ ዓይኑ ጠፋ። እግዚአብሔር ያለ መሣሪያ ሊያድነው ይቻለው ነበር፤ ነገር ግን መልአኩን ቅዱስ ሩፋኤልን ልኮ ከወንዝ በተያዘ ዓሣ ሐሞት ዓይኑን አበራለት። መልአክ የመጣው የሚዳሰስ መድኃኒት ሊያሳይ ነው። ኢየሱስ ወልደ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ዓሣው ሐሞትን የሰጠ፣ የሌሊት ወፍም ጥበብን የሰጠች እንደሆነ፣ ሁለቱንም የፈጠረ አንድ ጌታ ነው። ስለዚህ በትሩን የሚይዝ ዓይነ ስውር የፈጣሪውን ስጦታ ተቀበለ እንጂ እምነቱን አልጣለም።

ሁለተኛው አሳብ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእኛ የቀረበ ነው። ዓይነ ስውር ብቻውን መሄድ ከቻለ፣ እርሱን በመምራት የምናገኘው በረከት ይቀርብናል የሚል ነው። ይህ አሳብ ከደግ ልብ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን የተጎዳውን ሰው ጉዳት ለራስ ጽድቅ መወጣጫ እንዳያደርገው ያሰጋል። በእርግጥ ጻድቁ ኢዮብ በ29ኛው ምዕራፍ ለዓይነ ስውር ዓይን እንደነበረ ይናገራል። ዓይን ግን ባለቤቱን ወደፈለገበት እንዲሄድ ያገለግለዋል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይጎትተውም። ደግሞም ስለ መሪው እናስብ። በሀገራችን ብዙ ጊዜ ዓይነ ስውር አባትን ወይም እናትን የሚመራ ልጅ ነው። ይህ ልጅ የወላጁን በትር ጫፍ ይዞ ከቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲመላለስ ይውላል፤ እኩዮቹ ግን በትምህርት ቤት ናቸው። ለመንገደኛው ምጽዋት መስጠቱ በረከት ሲሆንለት፣ ለልጁ ግን ፊደል ሳይቆጥር የሚያልፍ ዕድሜ ነው። አባት በጥሩ በትርና በተጠረገ መንገድ ብቻውን መሄድ ቢችል ሁለት ሰው ነጻ ይወጣል፤ አባት ከመጎተት፣ ልጅም ከማይምነት። እንዲህ ያለውን ነጻነት በረከታችንን ያስቀርብናል ብሎ የሚቃወም፣ በረከት ከማን እንደሚገኝ የዘነጋ ነው።

ጌታችን በኢያሪኮ መንገድ ዳር ለነበረው ለበርጤሜዎስ ያደረገውን ወንጌላዊው ማርቆስ በ10ኛው ምዕራፍ ጽፎታል። ሕዝቡ ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታችን ግን አስጠርቶ ምን እንዲደረግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ልብን የሚያውቅ ጌታ መልሱን አጥቶ አልጠየቀም፤ የተቸገረው ሰው የራሱን ፈቃድ በራሱ አንደበት ይናገር ዘንድ አከበረው እንጂ። እኛ ግን ዓይነ ስውር በመንገድ ዳር ቆሞ ስናይ፣ ሳንጠይቅ ክንዱን ይዘን ወደማይፈልግበት ማዶ እናሻግረዋለን። ለመርዳት የሚወድ አስቀድሞ መጠየቅን ይማር።

ሦስተኛው አሳብ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በአፍም ስለማይነገር ይበልጥ አደገኛ ነው። ይኸውም፣ በትሩ ካስጠነቀቀው ራሱ ይጠንቀቅ ማለት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 19ኛው ምዕራፍ 14ኛው ቁጥር ላይ እግዚአብሔር በዓይነ ስውር ፊት ዕንቅፋት እንዳይደረግ አዘዘ፤ ከዚህም አያይዞ አምላክህን ፍራ ይላል። በዚህ ትእዛዝ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ የታዘዘው ዓይን ያለው ሰው ነው። ተጠንቅቀህ ሂድ ተብሎ ዓይነ ስውሩ አልታዘዘም፤ አታድርግ የተባለው ዕንቅፋቱን ለሚያኖረው ነው። ሁለተኛ፣ አምላክህን ፍራ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የወደቀው ሰው ድንጋዩን ማን እንዳኖረው አያይም፤ ስለዚህ አይከስም፤ ዳኛም አይፈርድም። የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው። በኦሪት ዘዳግምም 27ኛው ምዕራፍ ዓይነ ስውርን ከመንገድ በሚያስት ሰው ላይ እርግማን ሲነገር፣ ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንዲል ታዟል። አሜን ያለ ሕዝብ ሁሉ በነገሩ ተካፋይ ነው።

እንግዲህ መሣሪያው ቢሻሻል፣ ዋጋው ቢረክስ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውር ቢታደል፣ ትእዛዙ አይሻርም። በትሩ በዚህ ዕንቅፋት አለ ብሎ ይናገራል እንጂ ዕንቅፋቱን አያነሣውም፤ ማን እንዳኖረውም አይጠይቅም። እንዲያውም በትሩ በየእርምጃው ባስጠነቀቀ ቁጥር በእኛ ላይ ይመሰክራል። ከደሴ መንገድ ላይ አሥር ጊዜ የተንቀጠቀጠ በትር፣ አሥር ጊዜ የዜጎችን ቸልተኝነት ቆጠረ ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ሀገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ነገር ግን እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው አሸዋውን ከመንገድ ለማንሣት አዋጅ አይጠብቅም።

ከዚህ የጠለቀ ሌላም ነገር አለ። መሣሪያው ግንብንና ወንድምን አይለይም። ድምፁ ከድንጋይ ቢመለስ ወይም ከሰው ደረት ቢመለስ፣ ለእርሱ ሁለቱም ዕንቅፋት ናቸው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ተሰደደ። እንዲህ ባለ ቀን፣ በተጨናነቀ መንገድ መካከል፣ በትሩ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ በዙሪያው የሚሸሸውን ሰው ሁሉ ዕንቅፋት ብሎ ይቆጥራልና። የትኛው መንገድ ወደ ደኅንነት እንደሚያደርስ፣ የትኛውም ወደ ጥፋት እንደሚያደርስ አይነግረውም። በዚያ ጊዜ ለዓይነ ስውር የሚያስፈልገው ስሙን ጠርቶ፣ እኔ እገሌ ነኝ፣ ክንዴን ያዝ የሚለው ሰው ነው። በመልካሙ ሳምራዊ ምሳሌ ካህኑና ሌዋዊው የቆሰለውን አይተው በማዶ ማለፋቸው ተጽፏል። እኛም በዓይነ ስውር ፊት በዝምታ ብናልፍ ወይም ብንቆም፣ መሣሪያው እንደሚቆጥረን ከምሰሶ አንለይም። ሰው መሆናችን የሚታወቀው ድምፃችንን አሰምተን ሰላምታ ስንሰጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ዓይነ ስውሩን ሁልጊዜ ተረጂ አድርገን ማየት አይገባንም። ደቀ መዛሙርት ዓይነ ስውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል 9ኛው ምዕራፍ አሳባቸውን ሽሮታል። የእስክንድርያው ዲዲሞስ በአራት ዓመቱ ዓይኑን ቢያጣም፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተምሮ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በቅዱስ አትናቴዎስ ዘመን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ታላቁ እንጦንስም፣ ተንኰሳኳሽ ነፍሳት ስለ ያዙት የሥጋ ዓይን እንዳያዝን ብሎ እንዳጽናናው ተጽፏል። በሀገራችንም የዜማው፣ የቅኔውና የትርጓሜው ትምህርት ከመምህር አፍ በቃል የሚያዝ ስለሆነ፣ ለዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር በሩ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ዓይነ ስውራን በዚህ በር ገብተው መምህራን ሆነዋል። ያስቸገራቸው ከአንድ ደብር ወደ ሌላው ደብር የሚያደርሰው መንገድ ነበር እንጂ ትምህርቱ አልነበረም።

በዘመናዊውም ትምህርት ምሳሌ አናጣም። ከወሎ ከአማራ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በመሥራቷ በ2017 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። የእርሷ ታሪክ የሚያስረዳን፣ መንገድ የተጠረገለት ሰው ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራው ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር መጀመር አለበት። የእግዚአብሔር ቤት ደጅ ለዓይነ ስውር ዕንቅፋት የበዛበት ሆኖ ሳለ፣ ሌላውን ልንወቅስ አንችልም። ጦቢት ልጁን ለመቀበል ሲወጣ የተሰናከለው በገዛ ቤቱ ደጅ እንደነበረ መጽሐፉ ይናገራል። ስለዚህ የየደብሩ ሰበካ ጉባኤ ከቅጽሩ በር እስከ ቤተ መቅደሱ ደረጃ ያለውን መንገድ ይመርምር፤ የተከፈተው ቦይ ይከደን፤ ለበዓል ድንኳን የተተከለው ካስማና የተዘረጋው ገመድ በዓሉ ሲያልፍ ይነሣ፤ የደረጃውም ዳር መያዣ ይደረግለት። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዓይነ ስውራንን በትሕትና ጠይቀው የሚረዱበትን ሥርዓት ይማሩ። ነጋዴው ምእመን ዕቃውን ከእግረኛ መንገድ ወደ ውስጥ ይሰብስብ፤ ይህ ከገንዘብ ምጽዋት የማያንስ ምጽዋት ነው።

ሁለተኛም፣ ደብሮች ከሚሰበስቡት ሙዳየ ምጽዋት ጥቂት መድበው ለዓይነ ስውራን በትር ቢገዙ፣ ይህ ከወንጌል ሥራ የሚቆጠር ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው በትር ለድኻ የሚቀመስ አይደለም፤ ከተበላሸም የሚጠግነው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በኮምቦልቻ የሚማሩ መሐንዲሶች ለመመረቂያ የሠሩትን በመደርደሪያ ላይ እንዲያኖሩት ሳይሆን፣ ወደ ዓይነ ስውራኑ ወጥተው፣ በደሴ ዳገትና ጭቃ አብረው ፈትነው፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ከእነርሱ አንደበት ሰምተው እንዲያርሙት እንመክራለን። የሚይዘውን ሰው ሳይጠይቅ የተሠራ በትር፣ የሚመራውን ሰው ሳይጠይቅ የሚጎትት መሪ ማለት ነው።

ሦስተኛም፣ በ1998 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሰው 16 ያህሉ ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ዓይን የጋረደው የዓይን ሞራ እንደሆነ ታውቋል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ከደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ካህናት የንስሐ ልጆቻችንን ስንጎበኝ፣ በየቤቱ ጥግ የተቀመጠ ዓይኑ የተጋረደ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ብናገኝ፣ ወደ ሐኪም እንዲደርሱ መምከርና ማድረስ ይገባናል። ማየት የሚችለውን ሰው በትር አስይዞ መተው ፍጹም ርኅራኄ አይደለም።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ ጥበብ ድርሻዋን እየፈጸመች ነው። ዓይነ ስውሩም በትሩን ይዞ በድፍረት ወደ መንገድ ሲወጣ የራሱን ድርሻ ፈጽሟል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ነገ ጠዋት ከቤታችን ስንወጣ በደጃችን ያለውን ድንጋይ እንመልከት፤ ያኖርነው እኛ ብንሆን እናንሣው፤ ያኖረው ሌላ ቢሆንም እናንሣው። የሚያልፈው ሰው ማን እንዳነሣለት አያውቅም፤ አመስጋኝም አናገኝ ይሆናል። ዕንቅፋት ያኖረውን የሚያይ አምላክ ግን ዕንቅፋት ያነሣውንም ያያል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።